ከባሕር ሥር ያለ ስንጥቅ የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1969። ቦታው ከካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ ብዙም ያልራቀ ባሕር ነው። ከዳርቻው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ በቆመ የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ላይ ሠራተኞች ቧንቧውን ከጉድጓዱ እየሳቡ ያወጣሉ። ድንገት ከታች ጭቃ ገንፍሎ ወጣ። ጋዝ ተከተለው። ሰዎቹ መደረግ ያለበትን አደረጉ። ቧንቧውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው ለቀቁት፣ አፉንም ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ጉድጓዱ ጸጥ አለ። እፎይ ሊሉ ሲሉ ባሕሩ መንተክተክ ጀመረ። ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ፣ ማንም ምንም ባልቆፈረበት ቦታ፣ ጋዝና ዘይት ከወለሉ እየተንፎለፎለ ይወጣ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጉድጓዱ ከወለሉ በታች ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወርዷል። ግድግዳውን የሚደግፈው የብረት ቱቦ ግን 100 ሜትር እንኳ አልሞላም። ከዚያ በታች ያለው አለት ራቁቱን ነው የተተወው። አፉ ሲዘጋ ከታች የሚገፋው ጋዝ በጎን ወደ አለቱ ገባ። አለቱ ደግሞ ድሮውኑ የተሰነጣጠቀ ነበር። ጋዙም ዘይቱም ስንጥቆቹን ተከትለው ወለሉ ላይ ብቅ አሉ። ወደ ባሕሩ የፈሰሰው ከ80 እስከ 100 ሺህ በርሜል እንደሚሆን ይገመታል።

ይህን የቆየ ነገር ያነሳሁት ጥያቄው ዛሬ ተገልብጦ ስለመጣ ነው። ያኔ ጭንቀቱ ከባሕር ወለል ሥር ስለሚወጣው ነገር ነበር። አሁን ስለሚገባው ሆኗል። ኖርዌይ ከ1996 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስላይፕነር በሚባል የሰሜን ባሕር ጋዝ ጣቢያ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወለሉ ሥር ባለ አሸዋማ ንብርብር ውስጥ ስትቀብር ኖራለች። በ2025 ደግሞ ኖርዘርን ላይትስ የተባለው ፕሮጀክት ከፋብሪካ ተሰብስቦ በመርከብ የመጣን ካርቦን ከወለሉ 2,600 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጎ ማስገባት ጀመረ። ሌሎች አገሮችም እየተከተሉ ነው።

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲታሰብ ከሕዝብም ከጋዜጠኛም የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እዚያ ቦታ ፎልት (የተንሸራተተ የአለት ስንጥቅ) አለ?» ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ለእኔ ግን የትም አያደርስም። መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነውና። ፎልት የሌለበት የደለል ተፋሰስ (ደለል የተጠራቀመበት የመሬት ገንዳ) የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ቁም ነገሩ ሌላ ጋ ነው። ይሄ ፎልት መቼ ተወለደ? ምን ወለደው? እንዴት አደገ? ማደጉን አቁሟል ወይስ ተኝቷል?

ቃሉን እናጥራው። ስንጥቅ ሁሉ ፎልት አይደለም። አለት ተሰንጥቆ ሁለቱም ወገን ባለበት ሊቀር ይችላል። ፎልት የሚባለው አንዱ ወገን ከሌላው አንጻር ሲንሸራተት ነው። የመሬት ቅርፊት ሲለጠጥ አንዱ ወገን ቁልቁል ይወርዳል። ሲጨመቅ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ጎን ለጎን የሚተላለፉም አሉ። ስኮትላንዳዊው ጂኦሎጂስት ኧርነስት አንደርሰን በ1905 ነገሩን ሥርዓት አስያዘው። ትልቁ ጫና ከየት በኩል እንደሚመጣ ካወቅን የትኛው ዓይነት ፎልት እንደሚወለድና ምን ያህል እንደሚያዘነብል መገመት እንችላለን። መሬት በሚለጠጥበት ቦታ ፎልቱ ብዙውን ጊዜ 60 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ይወርዳል። ከባሕር ሥር ባሉ ተፋሰሶች በብዛት የሚገኘው ይሄኛው ነው።

ለምን በብዛት? ተፋሰሱ ራሱ የልጠጣ ልጅ ስለሆነ ነው። የደለል ተፋሰስ ማለት ገንዳ ማለት ነው። ገንዳ እንዲኖር መሬቱ መስመጥ አለበት። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዳን ማኬንዚ በ1978 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ይህን በሁለት እርምጃ አስረዳ። መጀመሪያ የመሬት ቅርፊት ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ይሰምጣል። ፎልቶች የሚወለዱት እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ አለት ከፍ ይላል። ልጠጣው ሲቆም ያ ትኩስ አለት ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ሲከብድ ይሰምጣል። ሁለተኛው እርምጃ ይህ ነው። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ይወስዳል፤ ድምፁም አይሰማም። ፎልቶቹ ባሉበት ቀርተው ደለል ይለብሳሉ።

ሰሜን ባሕር የዚህ ማሳያ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሃሉ ላይ ትልቅ ስምጥ ተከፍቶ ነበር። ልጠጣው ሞቆ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ እዚያ ውቅያኖስ ይኖር ይሆናል። አልቀጠለም። ስምጡ ተወ፣ ተቀበረ። አሁን በላዩ ላይ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ደለል ተከምሯል። ከላይ የሚታየው ጥልቀት የሌለው ጠፍጣፋ ባሕር ነው። ከሥር ያለው ግን እንደ መደርደሪያ መጻሕፍት የተደረደረ አለት ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉ መጻሕፍት አንዱ ጫፍ ድጋፉ ሲነሳ ሁሉም ባንድ ላይ ዘመም እንደሚሉት፣ ግዙፍ የአለት ብሎኮችም ልጠጣው ሲመጣ ተያይዘው ዘመሙ። በመጻሕፍቱ መካከል ያለው መፋተጊያ ፎልቱ ነው። በዘመሙት ብሎኮች ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነዳጅ ተጠራቀመ። ከሰሜን ባሕር ሀብት ብዙው እዚያ ተገኘ።

እስካሁን ያልኩት ፎልቱ አንዴ ተሰንጥቆ ያለቀ ያስመስላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ፎልት 50 ኪሎ ሜትር ሆኖ አልተወለደም። ሲጀመር ብዙ ናቸው። አለቱ ሲለጠጥ እዚህም እዚያም ትናንሽ ስንጥቆች ይበቅላሉ። እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ብዙ ተንሸራቶ ጫፎቹ ላይ ምንም አልተንሸራተተም። ከዚያ ጎረቤታሞች ይቀራረባሉ። ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት አይጋጠሙም፤ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ። በሁለቱ መካከል ያለው አለት ከላይኛው ወገን ወደ ታችኛው የሚያወርድ ዘንበል ያለ መወጣጫ ይሆናል። ልጠጣው ሲቀጥል መወጣጫው ራሱ ይሰበራል። ሁለቱ ፎልቶች አንድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ፎልቱን ከላይ ስታዩት ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን የተሰባበረ፣ ዚግዛግ የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት የድሮ ጋብቻ ምልክት ነው።

መወጣጫው ሳይሰበር ከቀረ ሌላ ታሪክ አለው። ከከፍታው የሚወርዱ ወንዞች በዚያ በኩል ያልፋሉ። የሚቀላቸው እሱ ነው። አሸዋቸውንም መወጣጫው ግርጌ ያራግፋሉ። ነዳጅ ፈላጊዎች መርከብ ወደ ታች በምትልከው ድምፅ ከሚሠራው የባሕር ሥር ምስል ላይ እነዚህን መወጣጫዎች አድነው የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ጥሩ አሸዋ ያለው እዚያ ነውና። ለጋዝና ለካርቦን ግን ያው መወጣጫ የጎን በር ሊሆን ይችላል። ፎልቱ ዘጋልን ብለን ስንተማመን በመወጣጫው ዞሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ በባለሙያዎች መካከል ያልተቋጨ ክርክር አለ። የድሮው አስተሳሰብ ፎልት ርዝመቱም መንሸራተቱም አብረው ያድጋሉ የሚል ነበር። ቀስ በቀስ እየረዘመ፣ ቀስ በቀስ እየወረደ። የኋለኛው አስተሳሰብ ፎልት ርዝመቱን በልጅነቱ ይጨርሳል ይላል። በዕድሜው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይረዝማል፣ ከዚያ ቀሪ ሕይወቱን እዚያው ርዝመት ላይ እየተንሸራተተ ያሳልፋል። እኔን ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል፤ ግን ሁለቱንም የሚደግፉ ምስሎች አሉ፣ ምናልባትም ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው። ክርክሩ የወረቀት ብቻ አይደለም። ረጅም ፎልት ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ገና ብዙ ያልተንሸራተተ ወጣት ፎልት ርዝመቱን ጨርሶ ከሆነ አደጋው ከመልኩ በላይ ነው ማለት ነው።

ይህን በሕይወት እያለ ለማየት ሁለት ቦታዎች ተመራጭ ሆነዋል። አንዱ የግሪኩ የቆሮንቶስ ባሕረ ሰላጤ ነው። በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚከፈት ሕያው ስምጥ ነው። በ2017 ዓለም አቀፍ የሳይንስ ቁፋሮ ተደርጎበት ከወለሉ ሥር ያለው ደለል ተወስዷል። ሌላው ኒውዚላንድ ጠረፍ ያለው የራንጊታይኪ ፎልት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ የነጠላ ቁርጥራጮቹን ታሪክ ተከትለው፣ ቁርጥራጮቹ ከተያያዙ በኋላ ፎልቱ የሚንሸራተትበት ፍጥነት እንደጨመረ አሳይተዋል። ሲያያዝ ይበረታል።

ግን እንዴት ነው ይህ ሁሉ የሚታወቀው? ሚሊዮን ዓመት ቆሞ ያየ የለም። እዚህ ላይ ባሕሩ ለጂኦሎጂስት የዋለለት ውለታ አለ። ተራራ ላይ ያለ ፎልት በዝናብና በነፋስ እየተሸረሸረ ታሪኩን ያጣል። ከባሕር ሥር ያለው ግን በየጊዜው ደለል ስለሚወርድበት ታሪኩ ይመዘገባል። ዋናው ብልሃት የንብርብሮችን ውፍረት በፎልቱ ግራና ቀኝ ማነጻጸር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ለማስረዳት ብቻ። መርከብ ወደ ታች በላከችው ድምፅ የተሠራ ምስል ላይ ሦስት ንብርብሮች አሉ እንበል። የታችኛው በፎልቱ በሁለቱም ወገን 100 ሜትር ነው። ስለዚህ እሱ ሲነጠፍ ፎልቱ አልተወለደም፤ የቆረጠው በኋላ ነው። መካከለኛው በቀረው ወገን 100 ሜትር፣ በወረደው ወገን 180 ሜትር ነው። እሱ ሲነጠፍ ወለሉ አንድ በኩል እየሰመጠ ነበር፤ ደለሉ ጉድጓዱን ሞላው። ትርፉ 80 ሜትር ፎልቱ በዚያ ዘመን የተንሸራተተው ነው። የላይኛው ንብርብር በሁለቱም በኩል እኩል ነው፣ ፎልቱም አልነካውም። ያኔ ፎልቱ ቆሟል። መካከለኛው ለመነጠፍ 2 ሚሊዮን ዓመት ወስዶ ከሆነ ፎልቱ በአማካይ በዓመት 0.04 ሚሊ ሜትር ይወርድ ነበር። የጣት ጥፍር ከዚህ ሺህ ጊዜ ገደማ ይፈጥናል። በርግጥ አማካይ ነው። ፎልት በየዓመቱ አይንሸራተትም። ለመቶዎች ወይም ለሺዎች ዓመታት ይያዝና በሰከንዶች ውስጥ አንድ ሜትር ሊወርድ ይችላል። (የተቀበረ ጭቃ እንደሚታመቅ አስቡ። ውፍረቱ ዛሬ የምናየው ያኔ የነበረው አይደለም። ይህን ሳያስተካክሉ የሚሠራ ሒሳብ ያሳስታል።)

እስካሁን ያወራነው የመሬት ቅርፊት ራሱ ሲለጠጥ ስለሚወለዱ ፎልቶች ነው። ከባሕር ሥር ግን ሌላ ዝርያ አለ። ከታች ያለው አለት ምንም ሳይንቀሳቀስ ደለሉ በራሱ ክብደት የሚሰነጠቅበት። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ክፍል ነው።

ትልቅ ወንዝ ባሕር ሲገባ ያመጣውን ሁሉ አፉ ላይ ያራግፋል። የኒጀር ወንዝ እንዲህ ለአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት አድርጓል። ሚሲሲፒም እንዲሁ። መጀመሪያ ጥልቅ ባሕር ላይ ጭቃ ይወርዳል። በኋላ ዳርቻው ወደፊት ሲገፋ በጭቃው ላይ አሸዋ ይከመራል። ችግሩ ጭቃው ነው። ትኩስ የወረደ የባሕር ጭቃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ሲቀበር ውሃው መውጣት አለበት። ጭቃ ግን ውሃ የሚያሳልፍ ዓይነት አይደለም። አሸዋው ፈጥኖ ከተከመረበት ውሃው መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ ከላይ ያለውን ክብደት ራሱ መሸከም ይጀምራል። በመጨረሻ ኪሎ ሜትር የሚወፍር የአሸዋ ክምር በተጨመቀ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እንደተቀመጠ ያህል ይሆናል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ትንሽ ሙከራ አለ። አሜሪካውያኑ ኪንግ ሃበርትና ዊልያም ሩቢ በ1959 የገለጹት ነው። ባዶ የቢራ ጣሳ በማቀዝቀዣ ያቀዘቅዙታል። ክፍት አፉን ወደ ታች አድርገው እርጥብ መስታወት ላይ ያስቀምጡታል። መስታወቱ 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ያዘነበለው። ሲታይ ጠፍጣፋ ነው። መጀመሪያ ጣሳው አይንቀሳቀስም። እየሞቀ ሲመጣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ጣሳውን ከሥር ይገፋዋል። ያኔ ጣሳው በራሱ ይንሸራተታል። ማንም አልገፋውም፣ ተዳፋቱም አልጨመረም። የቀነሰው ጣሳው መስታወቱን የሚጫንበት ኃይል ነው። በውሃ በተሞላ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ደለልም እንዲሁ ነው። ትንሽ ተዳፋት ካገኘ ወደ ጥልቁ ባሕር ይንሸራተታል።

ሲንሸራተት ከኋላው ይለጠጣል፣ ስለዚህ ከኋላው ፎልት ይወለዳል። እነዚህ ፎልቶች ከላይ ቀጥ ብለው ይጀምሩና ወደ ታች ሲወርዱ እየታጠፉ፣ እየተኙ ጭቃው ውስጥ ይጠፋሉ። ቅርጻቸው አካፋ ይመስላል። በወረደው ወገን ያለው ደለል የተጠማዘዘውን ፎልት ተከትሎ ወደ ፎልቱ ይዘነብላል፣ ይታጠፋል፤ እጥፋቱም ጉልላት ይሠራል። የኒጀር ዴልታ (ወንዙ አፉ ላይ የከመረው ደለል) ነዳጅ ትልቁ ክፍል በእንዲህ ዓይነት ጉልላት ውስጥ ነው። በጣም የሚያምረው ግን ሌላኛው ጫፍ ነው። ከኋላ የተለጠጠው ከፊት የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ጥልቁ ባሕር ውስጥ፣ የዴልታው ግርጌ ባለበት ቦታ፣ ደለሉ ተጨምቆ እርስ በርሱ ላይ ይወጣል። ወለሉ ላይ ሸንተረር ይሠራል። ዳርቻው ላይ ልጠጣ፣ ከፊት ጭመቃ፤ ሁለቱም የአንድ ተንሸራታች ምንጣፍ ሁለት ጫፎች ናቸው። ወንዙ ደለል ባመጣ ቁጥር ፎልቱ ይነቃል፣ ፎልቱ በነቃ ቁጥር ለደለሉ ቦታ ይከፈታል።

ጭቃ የሌለበት ቦታ ጨው ይህን ሥራ ይሠራል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከታች በዲኖሰር ዘመን የደረቀ ባሕር የተወው ወፍራም ጨው አለ። ጨው ሲቀበር እንደ ሌላው ደለል አይታመቅም። በላዩ ያለው እየከበደ ሲሄድ እሱ ባለበት ይቀራል፣ ከዚያ መፍሰስ ይጀምራል። እንደ ማር ቀስ ብሎ፣ ግን ይፈሳል። ሽቅብ እየወጋ ሲወጣ በላዩ ያለው ደለል በፎልት ይሰነጣጠቃል።

ሦስተኛ ዝርያም አለ፤ ለብዙ ዓመታት ማንም ያላስተዋለው። ከ1990ዎቹ በፊት የባሕር ሥር ምስል በአብዛኛው እንደ ተቆረጠ ገጽ፣ በመስመር ብቻ ነበር የሚሠራው። ሦስት አቅጣጫ ያለው ምስል ሲስፋፋ ጂኦሎጂስቱ ጆ ካርትራይትና ባልደረቦቹ በሰሜን ባሕር ጭቃ ውስጥ ያልጠበቁትን አዩ። ከላይ ሲታይ ፎልቶቹ ባለ ብዙ ጎን ክፍልፋዮች ሠርተዋል። የደረቀ ኩሬ ጭቃ የሚሰነጠቅበት መልክ ነው። አቅጣጫ የላቸውም። ከታችም ከላይም የሚዘልቁ አይደሉም፤ አንድ የጭቃ ንብርብር ውስጥ ተወስነው ይቀራሉ። ስለዚህ የልጠጣ ልጆች ሊሆኑ አይችሉም። ጭቃው ውሃውን ሲያጣ ከጎን ወደ ጎን ስለሚኮማተር ነው የሚለው ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት አለው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አሁንም ይጣላሉ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በብዙ ተፋሰሶች ተገኝተዋል። አስገራሚው ነገር እነዚህ የተሰነጣጠቁ ጭቃዎች ብዙ ጊዜ ክዳን ተብለው የሚታመኑት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ካርቦኑን ከላይ የሚከድነው እነሱ ናቸው።

ታዲያ የተሰነጠቀ ክዳን ይይዛል? ብዙ ጊዜ ይይዛል። ፎልት ሁሌ ቀዳዳ ነው የሚለው እምነት ስህተት ነው። ሁለት የአለት ግድግዳዎች ሲፋተጉ በመካከላቸው ያለው ይፈጫል። ከተፈጨው ውስጥ ሸክላ ካለ እንደ ልስን ግድግዳውን ይለጥፈዋል። ባለሙያዎች የሚያሰሉት ቀላል ነው። ፎልቱ 100 ሜትር ተንሸራቶ በዚያ ርቀት ውስጥ 40 ሜትር የሚሆን ሸክላ ካለፈበት፣ ድርሻው 40 በመቶ ነው። ከ20 በመቶ ገደማ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚዘጋ ነው ብለው ይወስዱታል። ብዙ ነዳጅ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሳይወጣ የቆየው ፎልት በጎን ስለዘጋው ነው። ሲንሸራተት ግን ይከፈታል። ያው ፎልት ለሺህ ዓመት በር ሆኖ ለሚሊዮን ዓመት ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ታሪኩ የሚያስፈልገን።

መዝጋቱ ራሱ ሌላ ችግር ያመጣል። በባሬንትስ ባሕር፣ ስኖቪት በሚባል ጣቢያ፣ በ2008 ካርቦን ማስገባት ተጀመረ። ግፊቱ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ጨመረ። አሸዋው ከሩቁ እንደታየው የተያያዘ አልነበረም። በ2011 ወደ ሌላ ንብርብር መቀየር ግድ ሆነ። ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ግፊት ይጨምራል፣ ግፊት ሲጨምር የሃበርትና የሩቢ ጣሳ ይንቀሳቀሳል።

ያ በስፔን ሆኗል። ከምሥራቃዊ ዳርቻዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ገብቶ አሮጌ የነዳጅ ቦታ ነበር። ካስቶር የተባለው ፕሮጀክት በ2013 የተፈጥሮ ጋዝ ሊያከማችበት ማስገባት ጀመረ። በሴፕቴምበር ወር ትንንሽ መንቀጥቀጦች ተከታተሉ። ማስገባቱ ቆመ። ትልቁ መንቀጥቀጥ የመጣው ግን ከቆመ ከሳምንታት በኋላ፣ በኦክቶበር መጀመሪያ ነው። መጠኑ 4 አለፈ። ግፊት ቧንቧው ሲዘጋ አብሮ አይቆምም፤ በአለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተስፋፋ ፎልት ፍለጋ ይሄዳል። የተንሸራተተው የትኛው ፎልት እንደሆነ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከራከሩ። አንዳንዶቹ ቀድሞ ካርታ ላይ ያልነበረ ጥልቅ ፎልት ነው አሉ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ለባለሀብቱ 1.35 ቢሊዮን ዩሮ ካሳ ተከፈለ።

ካርታ ላይ ያልነበረ እንዴት ይኖራል? ምስሉ ወሰን አለው። ከመርከቧ የሚላከው ድምፅ ከድምፁ ሞገድ ርዝመት ሩብ ያነሰን ነገር በደንብ አይለይም። ጥልቀት በሌለው ደለል ድምፅ በሰከንድ 2,000 ሜትር ይጓዛል እንበል፣ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ይሁን። የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር፣ ሩቡ 10 ሜትር ነው። ጥልቅ ሲሆን ፍጥነቱ 4,000፣ ድግግሞሹ 25 ይሆናል፤ ሩቡ 40 ሜትር ደረሰ። በግምት ፎልት ከተንሸራተተው መጠን 100 ጊዜ ያህል ይረዝማል። እንግዲህ ጥልቅ ቦታ 30 ሜትር ብቻ የተንሸራተተ ፎልት ከምስሉ ሊጠፋ ይችላል፣ ርዝመቱ ግን ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው። የሚታየውም ፎልት ቢሆን ጫፎቹ ምስሉ ከሚያሳየው አልፈው ይሄዳሉ፤ ጫፉ ላይ መንሸራተቱ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ። ሁለት የተለያዩ ፎልቶች ብለን ካርታ ላይ የሳልናቸው ከሥር ተያይዘው ይሆናል።

ሞቷል የተባለም ሁሉ አልሞተም። ሰሜን ባሕር ውስጥ ልጠጣው ከቆመ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1931 ጁን 7 ግን ዶገር ባንክ በሚባለው ቦታ መጠኑ 6 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ። እስከዛሬ በብሪታንያ አካባቢ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። የድሮ ፎልት በአዲስ ጫና ይነቃል። ጫናው ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ ከአትላንቲክ መሃል የሚገፋው፣ አውሮፓን ከደቡብ የሚገፋው። ፎልቱ ከድሮው ጀምሮ ያዘነበለበት አቅጣጫ ከአዲሱ ጫና ጋር ከተስማማ ይንሸራተታል፣ ካልተስማማ ዝም ይላል። ለዚህ ነው አንድ ተፋሰስ ውስጥ ጎን ለጎን ካሉ ፎልቶች አንዱ አደገኛ ሌላው ምንም የማይሆነው። «ፎልት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን አይለያቸውም።

ወደ ሳንታ ባርባራ እንመለስ። ከ1969 ሺህ ዓመታት ቀድሞ በዚያ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት ቹማሽ ሕዝቦች ጀልባ የሚሠሩት ሳንቃ እየሰፉ ነበር። በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍኑት ከባሕሩ ወጥቶ ዳርቻ ላይ በሚያገኙት ጥቁር ሬንጅ ነው። ሬንጁን ማንም አልቆፈረውም። ከወለሉ ሥር በስንጥቆቹ በኩል ራሱ እየወጣ ይመጣ ነበር። ዛሬም ዳርቻው ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ተረከዙ ላይ ተጣብቆ ያገኘዋል።